ብራዲኪኒን በኤላይዛ ለካን፤ ቁጥሩ አልጨበጥ አለ። ስባሪውን ብንለካ ይሻላል?

ጨሞጋ (ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ። ያለነው ደብረ ማርቆስ ነው። ደምበጫና አካባቢዋ ካሉ የፖዶኮኒዮሲስ (በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ የእግር እብጠት) ታማሚዎች፣ እግራቸው በተነሳባቸው ሰሞንና ከበረደላቸው በኋላ ደም እየወሰድን ብግነቱን በፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ለመከታተል እየሞከርን ነው። የመረጥነው ብራዲኪኒንን ነው፤ ሕመሙንም እብጠቱንም በቀጥታ የሚያመጣ ስለሆነ።

አሠራራችን ይህ ነው። 4 ሚሊ ሊትር ደም በቫኩም ቲዩብ፣ ቢጫ ቆብ። ግማሽ ሰዓት እንዲረጋ እንተወዋለን። በበረዶ ሣጥን ደብረ ማርቆስ ይመጣል። ሴንትሪፉጅ በ3000 ዙር፣ 10 ደቂቃ። ሴረሙ −20 ፍሪዘር ይገባል፤ ሲጠራቀም በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ዘዴ) ኪት እንለካዋለን።

ችግሩ፦ የጤነኞቹ ቁጥር ከታማሚዎቹ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአንድ ሰው፣ በአንድ መርፌ የተቀዱ ሁለት ቲዩቦች አንዱ የሌላውን 8 እጥፍ አሳይቷል። የኪቱ ስታንዳርድ ከርቭ ግን ያማረ ነው፤ የአንዱ ናሙና ድግግሞሽም በፕሌቱ ላይ ከ10 በመቶ በላይ አይለያይም። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ብራዲኪኒን 1–5 የሚባለውን ስባሪ ወደ መለካት ብንሄድስ? ለማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውልን በክብደቱ የሚለይ ማሽን) አዲስ አበባ መላክ ቢያስፈልግ ናሙናው በምን ሁኔታ ይሂድ?

ዳሞት

ኪቱን አትውቀሱት፤ ጥፋቱ ቢጫው ቆብ ውስጥ ነው። የዚያ ቲዩብ ግድግዳ ደም ቶሎ እንዲረጋ ተብሎ በሲሊካ ብናኝ ተቀብቷል። ሲሊካ ደግሞ ፋክተር 12 የሚባለውን የደም መርጋት ፕሮቲን የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ፋክተር 12 ፕሪካሊክሬይንን ወደ ካሊክሬይን ይለውጣል፤ ካሊክሬይን ኪኒኖጅንን ቆርጦ ብራዲኪኒን ያወጣል። ስለዚህ የለካችሁት በሰውዬው እግር ውስጥ ያለውን ሳይሆን ቲዩቡ ውስጥ የተመረተውን ነው። ጤነኛም ኪኒኖጅን ሞልቶታል፤ ቁጥሩ ከታማሚው ቢበልጥ አይግረማችሁ።

ይህ የጉዳዩ ግማሽ ነው። እዚያው ቲዩብ ውስጥ ብራዲኪኒንን የሚበሉት ኢንዛይሞችም ሥራ ላይ ናቸው። በደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ከ30 ሰከንድ አይበልጥም። ከላይ የሚቀዳበት፣ ከታች የሚያፈስ እንስራ አስቡ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ የምትለኩት በሁለቱ መካከል የተረፈውን ነው። አንዱ ቲዩብ ትንሽ የበለጠ ከተናጠ፣ አንዱ ሁለት ደቂቃ ከዘገየ፣ 8 እጥፍ ልዩነት ይመጣል። ፕሌቱ ላይ ድግግሞሹ ማማሩ ምንም አያረጋግጥም፤ የተበላሸ ናሙናም ሁለት ጊዜ ሲለካ ያው ነው።

የስባሪው ሐሳብ ትክክል ነው። ብራዲኪኒን 9 አሚኖ አሲድ ነው፦ አርጂኒን፣ ፕሮሊን፣ ፕሮሊን፣ ግላይሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ሴሪን፣ ፕሮሊን፣ ፌኒልአላኒን፣ አርጂኒን። ኤሲኢ የሚባለው ኢንዛይም መጀመሪያ ከጭራው ሁለቱን ይቆርጣል፣ 1–7 ይቀራል፤ ቀጥሎ ሌላ ሁለት ይቆርጣል፣ 1–5 ይቀራል። በሌላ መንገድ ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤን የመጨረሻዋን አርጂኒን ብቻ ያነሳና 1–8 ይሆናል፤ ያንንም ኤሲኢ መልሶ ወደ 1–5 ያወርደዋል። ወንዞቹ ብዙ ቢሆኑም አብዛኛው ውኃ እዚህ ይጠራቀማል። 1–5 በሰው ደም ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ግማሽ ዕድሜ አለው። እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት የተመረተውን ብራዲኪኒን ዱካ የምታገኙት በእሱ ነው።

ነገር ግን 1–5ን መለካት ከአቀዳድ ጥንቃቄ ነፃ አያወጣም። ቲዩቡ ውስጥ የተመረተው ብራዲኪኒን እዚያው ተቆርጦ 1–5 ይሆናልና፣ ያለ ማገጃ (ኢንዛይሞቹን የሚያቆም ኬሚካል) ከተቀዳ ስባሪውም ውሸት ይናገራል።

አቀዳዱ፦ 21 ጌጅ መርፌ፣ ረጅም ላስቲክ ያለው ቢራቢሮ መርፌ አይሁን። ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ ታማሚውም እጁን አይጨብጥ። የመጀመሪያው 2–3 ሚሊ ሊትር ለሌላ ምርመራ ይሂድ ወይም ይደፋ፤ መርፌው ቆዳና ሥር ሲበሳ የሚነሳው መርጋት እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ደሙ የሚነካው ሁሉ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ብርጭቆ በየትኛውም ደረጃ ላይ አይግባ። ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው) ብቻውን ኤሲኢንና ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤንን ያዳክማል (ሁለቱም ዚንክ ይፈልጋሉ)፣ ካሊክሬይንን ግን አይዘውም። ስለዚህ ከኢዲቲኤው ጋር የካሊክሬይን ማገጃ፣ ለምሳሌ ናፋሞስታት፣ እንዲሁም የንክኪ መቀስቀስን የሚገታ ሄክሳዲሜትሪን ብሮማይድ አስቀድሞ ቲዩቡ ውስጥ ይገባል።

የበረዶ ሣጥኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማገጃ የሌለበት ፕላዝማ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሲቆይ ፕሪካሊክሬይን በብርዱ ይቀሰቀሳል፤ የሚይዘው ተፈጥሯዊ ማገጃ ብርድ ላይ ስለሚደክም። ማገጃው ካለ በረዶ ጥሩ ነው። ከሌለ በክፍል ሙቀት ቶሎ ማሽከርከርና ወዲያው ማቀዝቀዝ ይሻላል።

«3000 ዙር» የሚለውንም ተዉት። የሴንትሪፉጁን ክንድ በሴንቲ ሜትር ለኩ፣ በዙሩ ካሬ አባዙት፣ በ0.00001118 አባዙት፤ የሚወጣው ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ) ነው። ክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3000 ዙር 1000 ጂ አካባቢ ብቻ ነው፣ ፕላትሌት ይቀራል። 2000 ጂ ለማግኘት 4230 ዙር ያስፈልጋችኋል፤ 15 ደቂቃ።

ጣና ዳር

ዳሞት ባለው ላይ አንድ የሀገራችን ጣጣ ልጨምር፤ መመሪያ ላይ ብዙም አይጻፍም። የቫኩም ቲዩብ የሚስበው መጠን የተሰላው ለባሕር ወለል ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ 75 ኪሎ ፓስካል ግድም ነው፣ ባሕር ወለል ላይ ግን 101። ሙሉ ይዘቱ 6 ሚሊ ሊትር የሆነና 4 እንዲስብ የተሠራ ቲዩብ እዚያ ሲወጋ የሚስበው ወደ 3.3 ብቻ ይሆናል። ለሄሞግሎቢን ይህ ምንም አይደለም። ማገጃ በልክ ለተጨመረበት ቲዩብ ግን የማገጃው ክምችት በ5 እጁ አንድ ከፍ አለ ማለት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ከተቀዳው ጋርም አይነጻጸርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቫኩሙን እርሱት፣ በፕላስቲክ ሲሪንጅ ቅዱ፣ መርፌውን ንቀሉ፣ ምልክት በተሰመረበት ቲዩብ ውስጥ በግድግዳው በኩል ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት። በመርፌው ውስጥ ገፍቶ ማስወጣት ቀይ ሴሉን ይሰብራል።

ሁለተኛ ነገር፣ ናፋሞስታትም ሄክሳዲሜትሪንም እስኪገባ ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ መቀመጥ የለባችሁም። ንጹሕ ኢታኖል (ፍጹም አልኮል) ለዚህ ሥራ ድሮም ያገለግል ነበር፦ ኢንዛይሙን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያረጋል፣ ኪኒኖጅኑንም አብሮ ያወርደዋል፣ ትንንሾቹ ፔፕታይዶች ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ።

15 ሚሊ ሊትር የፖሊፕሮፒሊን ቲዩብ ውሰዱ። 8 ሚሊ ሊትር ኢታኖል አስገቡ፣ ክደኑ፣ በረዶ ላይ አቆዩ፣ ክብደቱን በሚዛን መዝግቡ። 2 ሚሊ ሊትር ደም በሲሪንጅ ቅዱና ቲዩቡን እየናጣችሁ በቀጭኑ አፍስሱበት። ባንድ ጊዜ ከደፋችሁት ደሙ እንደ ጉበት ቋጥሮ ይረጋል፤ እምብርቱ ውስጥ አልኮል ሳይደርስ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል። ከደም ሥር እስከ መርፌ እስከ አልኮል ያለው ጊዜ ከ15 ሰከንድ አይለፍ። ስትመለሱ ቲዩቡን ድጋሚ መዝኑት፤ 2 ሚሊ ሊትር ደም 2.12 ግራም ያህል ነው። ከሲሪንጁ መስመር ይልቅ ይህ ሚዛን ይታመናል፣ መስክ ላይ የተቀዳው 1.7 ይሁን 2.2 በኋላ ታወጡታላችሁ። ከዚያ 3000 ጂ፣ 4 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ፤ የላይኛውን የጠራ ፈሳሽ ወደ አዲስ ቲዩብ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አልኮል ያለበትን ቲዩብ በምንም ዓይነት ከደም ሥር ጋር በተያያዘ መርፌ አትውጉት፤ ወደ ሰውዬው ሊመለስ ይችላል። ሌላው፣ እዚህ የለካችሁት በሙሉ ደም ነው እንጂ በፕላዝማ አይደለም። ከሐምራዊ ቆብ ቲዩብ ሄማቶክሪት (ከደሙ የቀይ ሴሉ ድርሻ) አሠሩ፤ 40 በመቶ ከሆነ ከ2 ሚሊ ሊትሩ ፕላዝማው 1.2 ነው፣ ውጤቱ በ0.6 ይካፈላል። ይህን የዘለለ ሰው የደም ማነስ ያለበትን ታማሚ «ብግነቱ ከፍ ያለ» ብሎ ይጽፈዋል።

ጮቄ

የመለኪያውን ወገን እኔ ልውሰድ።

ኤላይዛ ለዚህ አይመችም። የብራዲኪኒን ፀረ እንግዳ አካል አብዛኛውን ጊዜ ካሊዲንንም (ከፊቱ አንዲት ላይሲን የተጨመረችበት ብራዲኪኒን ነው) ይይዛል፤ አንዳንዱ ያልተቆረጠ ኪኒኖጅንም ይጎትታል። ኪኒኖጅን ከብራዲኪኒን በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚበዛ፣ ትንሽ መሳብም ቁጥሩን ያበላሻል። የማስ ስፔክ ጥቅሙ 1–5ን፣ 1–7ን፣ 1–8ንና ሙሉውን ለየብቻ መቁጠሩ ነው።

በማሽኑ የክብደት ለቻርጅ መስመር ላይ 1–5 ነጠላ ቻርጅ ሲይዝ 573.3፣ ድርብ ሲይዝ 287.2 ላይ ይታያል። ሙሉው ብራዲኪኒን በድርብ 530.8 ነው። ከ287.2 ተሰብሮ የሚጠበቀው 320.2 እና 408.2 ነው፤ የትኛው እንደሚያይል ግን ማሽኑ ላይ ራሳችሁ ስታንዳርዱን አስገብታችሁ ወስኑ። ከሁለቱ አንዱ ለመቁጠር፣ ሌላው ለማረጋገጥ ይሁን። የሁለቱ ጥምርታ በናሙናው ውስጥ ከስታንዳርዱ ከራቀ ሌላ ነገር አብሮ እየወጣ ነው።

ስታንዳርድ ስትመዝኑ ጠርሙሱ ላይ «1 ሚሊ ግራም» መባሉን አትመኑ። ዱቄቱ ውስጥ ጨውና ውኃ አለ፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ የተጣራ የፔፕታይድ ይዘት የሚል ቁጥር ፈልጉ። 70 በመቶ ካለ ፔፕታይዱ 0.70 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ1 ሚሊ ሞላር በ1.22 ሚሊ ሊትር ይሟሟል። ይህን የዘለለ ላብራቶሪ ውጤቱን ሁሉ በ40 በመቶ አጋንኖ ያወጣል፣ ማንም አያውቅበትም። የቀጠነ ስታንዳርድ በንጹሕ ውኃ አታስቀምጡ፤ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል። 0.1 በመቶ ፎርሚክ አሲድና 20 በመቶ አሴቶኒትራይል ያለበት ይሁን።

የአልኮሉን ፈሳሽ በናይትሮጅን ንፋስ 40 ዲግሪ ላይ አድርቁት፣ በ4 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ አሟሙት፣ በደካማ ካታዮን መለዋወጫ ካርትሪጅ አሳልፉት፦ ሜታኖል፣ ውኃ፣ ናሙና፣ 5 በመቶ አሞኒያ፣ 20 በመቶ አሴቶኒትራይል፣ ማውጫው 1 በመቶ ቲኤፍኤ (ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ) በ75 በመቶ አሴቶኒትራይል። የወጣውን እንዳለ ኮለምን ላይ አትወጉት። 1–5 ውኃ ወዳድ ትንሽ ፔፕታይድ ነው፤ በዚያ ሁሉ አሴቶኒትራይል ሲገባ ሲ18 ኮለምኑ አይዘውም፣ ፒኩ ለሁለት ተሰንጥቆ ወይም ከጨዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ቢያንስ 4 እጥፍ በውኃ አቅጥኑት፣ ወይም አድርቁና በ2 በመቶ አሴቶኒትራይል መልሱት።

ምልክት የተደረገበት 1–5 (ፌኒልአላኒኑ ላይ ካርቦን 13ና ናይትሮጅን 15 የገባበት፣ በ10 የሚከብድ) ደሙ ከመቀዳቱ በፊት አልኮሉ ውስጥ ይግባ። መጨረሻ ላይ መጨመር ጥቅም የለውም፤ መንገድ ላይ የጠፋውን አይናገርም። ለካሊብሬሽን ደግሞ 1–5 የሌለበት የሰው ፕላዝማ አይገኝም። ስለዚህ በአንድ የተቀላቀለ ናሙና ላይ እየጨመራችሁ ሥሩ፤ የመስመሩ ተዳፋት በአልቡሚን ከሠራችሁት ጋር ትይዩ መሆኑን አሳዩ።

ጨሞጋ

እግዜር ይስጥልን። ቢጫው ቆብ ዛሬውኑ ቀርቷል። አንድ ጥያቄ ቀረን፦ የማስ ስፔክ ወረፋው ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው እዚሁ በኤላይዛ ልንሠራው የምንችል ስባሪ የለም? የተወሰኑት ታማሚዎቻችን የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ያስቸግራል?

ደጋ

ከመድኃኒቱ ልጀምር፣ እሱ ካልተጠየቀ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል የሚዘጉት ያንኑ ኤሲኢን ነው። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ብራዲኪኒኑ ይቆያል፣ ወደ 1–5 የሚሄደው ይቀንሳል። ብግነቱ ያው ሆኖ ስባሪው ዝቅ ይላል ማለት ነው። አምሎዲፒን ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይህን አያደርግም። «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላችሁ አትለፉ፤ «ኪኒኑን ያሳዩኝ» በሉ፣ ስሙንና መጨረሻ የተዋጠበትን ሰዓት ጻፉ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ እዚያው ላይ ግለጹት፤ «3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ቅጽ ኋላ ላይ የ6 ሰዓት ስህተት ያመጣል። ኤሲኢ ዘጊ የሚወስዱትን ከዋናው ትንተና ለዩአቸው።

ለኤላይዛ የሚሆናችሁ ሲ3ኤ ዴስአርግ ነው። ኮምፕልመንት (የደም መከላከያ ፕሮቲኖች ስብስብ) ሲቀሰቀስ ሲ3 ተቆርጦ 77 አሚኖ አሲድ ያለው ሲ3ኤ ይወጣል፤ ያው ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤን የጭራዋን አርጂኒን ወዲያው ያነሳና 76 ይሆናል። ይህ ቁራጭ ይቆያል፣ መጠኑም ለኤላይዛ በቂ ነው። ሲ5ኤ ስሙ ቢገንም ሴል ላይ ተጣብቆ ቶሎ ይሰወራል፤ በእሱ አትጀምሩ።

ለሲ3ኤ ሕጉ ይለያል፣ አታምታቱት። ሴረም አይሆንም፤ ደሙ ሲረጋ ኮምፕልመንቱም ይነሳል። ሄፓሪንም አይሆንም። ሐምራዊ ቆብ ኢዲቲኤ፣ እስከ መስመሩ የሞላ (ጣና ዳር ያለውን ከፍታ አስታውሱ)፣ 8 ጊዜ ቀስ ብሎ መገልበጥ፣ ወዲያው በረዶ ላይ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ በ2000 ጂ ማሽከርከር። እዚህ በረዶው ወዳጅ ነው። ፕላዝማውን በ200 ማይክሮ ሊትር ከፋፍላችሁ −80፤ አንዴ የቀለጠ ወደ ፍሪዘር አይመለስ። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ከሌለ፣ በውኃ የተሞላ ትንሽ ቲዩብ አቁማችሁ አቀዝቅዙና ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ፤ ሳንቲሙ ከሥር ከተገኘ ቀልጦ ነበር። ይህ ግን መቅለጥን ብቻ ነው የሚያሳይ፣ ከ−80 ወደ −15 መውጣቱን አይናገርም።

ኪቱ ላይ «የክፍል ሙቀት» ሲል ከ20 እስከ 25 ማለቱ ነው። በሐምሌ የደብረ ማርቆስ ክፍል ያን አይደርስም፤ ቀለሙ ደብዝዞ ይወጣል፣ ጥፋቱም ለኪቱ ይሰጣል። ኢንኩቤተሩን 22 ላይ አድርጋችሁ ሥሩ።

ሲአርፒንም (በብግነት ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) አብራችሁ ለኩ፤ ርካሽ ነው። ሲአርፒው 100 የሆነ ሰው ሲ3ኤው ከጤነኛ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ናሙናው ነው። ንጽጽሩን ደግሞ በታማሚና በጤነኛ መካከል ሳይሆን በአንዱ ሰው ላይ አድርጉት፦ እግሩ በተነሳ በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ፣ ከበረደ ከ3 ሳምንት በኋላ አንድ። የአንድ ሰው ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ፕሌት ላይ ይግቡ።

ዳሞት

ስለ መላኩ ሳይመለስ ቀረ። የአልኮሉ ፈሳሽ ከደረቀ በኋላ ቢሄድ ይመረጣል፤ በደረቁ ቲዩብ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ኢንዛይም የለም። ፕላዝማ ከሆነ ግን ዓባይ በረሃን የሚያልፍ መኪና ላይ ተራ በረዶ አይበቃም። ደጀን ላይ የነበረው ብርድ ሸለቆው ወለል ሲደርስ ሌላ ነው፣ ጎሐ ጽዮን ሳይወጡ ሣጥኑ ውኃ ይሆናል። ለከብት ማዳቀያ የሚያገለግለው የፈሳሽ ናይትሮጅን ጣሳ ይህን ሥራ በደንብ ይሠራል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሞልታችሁ መዝኑት፣ ሌሊቱን አሳድራችሁ ድጋሚ መዝኑት፣ በቀን የሚተነውን ታውቁታላችሁ። ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ቲዩብ በፈሳሹ ውስጥ አይዘፈቅ፤ ክዳኑ ናይትሮጅን አስገብቶ ሲሞቅ ይፈነዳል። ደረቅ በረዶ ካገኛችሁ ክዳኑን በፓራፊልም አጥብቁ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ገብቶ ናሙናውን ያሾመጥጠዋል።

አንድም ታማሚ ሳትነኩ በፊት ይህን ሞክሩ። ምልክት የተደረገበት ሙሉ ብራዲኪኒን ይዘዙ፤ ምልክቱ በ3ኛው ቦታ ያለችው ፕሮሊን ላይ ይሁን (በ6 ይከብዳል)። በ8ኛው ቦታ ያለችው ፌኒልአላኒን ላይ ከሆነ ሲቆረጥ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል፣ ምንም አታዩም። ከአንድ ጤነኛ ሰው ቀድታችሁ በመቅጃ ቲዩባችሁ ውስጥ ከእሱ ጋር አቆዩት፤ በ0፣ በ10፣ በ30 እና በ60 ደቂቃ ናሙና አውጡ። በ6 የከበደ 1–5፣ ድርብ ቻርጁ 290.2 ላይ፣ ብቅ ካለ ቆራጮቹ አልተያዙም። ምልክት የሌለው ብራዲኪኒን ወይም 1–5 ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ከጨመረ ደግሞ ቲዩቡ ራሱ እያመረተ ነው። ሁለቱም መስመሮች ለ60 ደቂቃ ጠፍጣፋ ሆነው ከቆዩ ደምበጫ መውረድ ትችላላችሁ።